ነዳጅ ብቻውን ገንዘብን አያጸናም

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ዋጋው ከወረደ ወዲህ፣ ቁጠባውን በባለነዳጅ አገር ገንዘብ ለማዳን የሚያስብ ቢኖር አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ኩዌትንና ኢራቅን እናነጻጽር። ሁለቱም በነዳጅ የበለጸጉ ጎረቤታሞች ናቸው። አንድ የኩዌት ዲናር ከ3 ዶላር በላይ ያወጣል። የኢራቁ ግን በጦርነት፣ በማዕቀብና ያለ ልክ በታተመ ወረቀት ደቀቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አንድ ዶላር በ1450 ዲናር ገደማ፣ በ2023 ደግሞ በ1300 እንዲመነዘር የወሰነው ነዳጁ ሳይሆን መንግሥት ነው። ስለሆነም ዲናሩ አንድ ቀን ይንራል ብሎ የላብን ዋጋ በሣጥን መቆለፍ ቁማር ነው። የግምጃ ቤት ሠራተኞችና የቀበሌ ነዋሪዎች ሆይ፣ እውነተኛው ግምጃ ቤታችን የገብስና የድንች ማሳችን ነው፤ ቁጠባችንን በምርት ላይ እናውል!