“ተሽሎኛል” እየተባለ የሚቋረጠው የደም ግፊት ሕክምና

በለቅሶ ድንኳን ውስጥ በተደጋጋሚ ከሚሰሙ ንግግሮች አንዱ “ምንም አላመመውም ነበር እኮ” የሚለው ነው። ማታ ከቤተሰቡ ጋር እራት በልቶ የተኛ ወይም ጠዋት ቢሮው ገብቶ ሲሠራ የነበረ ሰው “በድንገት ወደቀ” ይባላል። ለቀስተኛው “ቀኑ ደርሶ ነው” እያለ ይጽናናል። ትንሽ ቆይቶ ግን ከቤተሰቡ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ግፊት ነበረበት፤ መድኃኒቱን ካቆመ ግን ቆይቷል” ሲል ይሰማል። ያን ጊዜ ድንገተኛ የተባለው ሞት ለዓመታት ሲዘጋጅ የቆየ መሆኑ ይገለጣል።

ስለ ደም ግፊት በየሬዲዮውና በየጋዜጣው ብዙ ተብሏል። ጨው ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ፣ ተመርመሩ የሚለውን ምክር ያልሰማ የከተማ ነዋሪ የለም ማለት ይቻላል። መድኃኒቶቹም አዲስ ግኝቶች አይደሉም፤ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራባቸው የቆዩ፣ ውጤታቸው የታወቀ ናቸው። ታዲያ ምክሩም መድኃኒቱም እያለ ሰው የሚሞተው ለምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ መልስ አንድ ነው፤ ሕክምናው እየተጀመረ ይቋረጣል። የሚቋረጠውም በሦስት ቦታ ነው፤ በሕመምተኛው አስተሳሰብ፣ በኪሱ እና በጤና ተቋሙ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2024 በዓለም ላይ 1.4 ቢሊዮን ሰዎች ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው። ግፊታቸውን በቁጥጥር ሥር ያዋሉት ከአምስቱ ከአንዱ እምብዛም አይበልጡም። በአገራችን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት መካከል 16 በመቶ ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ጥናት አንድ ሰው በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚበላ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

በእኛ አገር በአብዛኛው “ግፊት አለብህ” የሚባለው በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140፣ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ መስፈርቱን ወደ 130/80 ዝቅ አድርገውታል። አደጋው ግን አንድ ቁጥር ላይ ሲደረስ በድንገት የሚጀምር አይደለም። በአርባዎቹ፣ በሃምሳዎቹና በስልሳዎቹ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው የላይኛው ቁጥር ከ115 በላይ በየ20ው በጨመረ ቁጥር በስትሮክና በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል።

የመጀመሪያው መቋረጥ፡- “ተሽሎኛል”

ያደግንበት የሕክምና ልማድ በወባ፣ በሳልና በተቅማጥ የተቀረጸ ነው። ሰው ያመዋል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ይሻለዋል፣ ያቆማል። ደም ግፊት ግን ከዚህ ልማድ ጋር አይስማማም። ሲጀምር አያምም፤ ስለዚህ “ሲሻል” ስሜቱ አይታወቅም። ሕመምተኛው ከሁለት ወር በኋላ ተለክቶ 125/80 ሲባል “ድኛለሁ” ብሎ ክኒኑን ያስቀምጣል። ቁጥሩን ያወረደው ክኒኑ መሆኑን የሚነግረው ካላገኘ፣ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ግፊቱ ወደ ነበረበት ሲመለስ እሱ አያውቅም።

ሌላው የማቋረጫ ምክንያት የመድኃኒቱ ጎንዮሽ ጉዳት ነው። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስለዋል። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያመላልሳል። ብዙ ሰው ይህን ለሐኪሙ ከመናገር ይልቅ ዝም ብሎ ያቆማል። ሐኪሙ ቢነገረው ግን የሚቀይረው ሌላ መድኃኒት አለው።

“አንዴ ከጀመርከው ዕድሜ ልክህን ነው” የሚለው ፍርኃትም በርካቶችን ከመጀመር ያግዳቸዋል። እዚህ ላይ ነገሩ ተገልብጦ ታይቷል። ዕድሜ ልክ የሚቆየው ክኒኑ ሳይሆን በሽታው ነው። መድኃኒት ያልጀመረ ሰው በሽታውን አላስቀረም፤ ሳይጠበቅ ተወው እንጂ። ክብደታቸውን ቀንሰው፣ አመጋገባቸውን አስተካክለው መድኃኒት የሚቀነስላቸው ሰዎች አሉ። ውሳኔው ግን በልኬትና በሐኪም እንጂ በግምት የሚደረግ አይደለም።

ጾምም አንዱ ምክንያት ሆኖ ይነሳል። በዓቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ጠዋት የሚወሰድ ክኒን ሲዘለል ይታያል። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን የግፊት መድኃኒት በተመለከተ ግን በብሪታንያ ከ21 ሺሕ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት፣ ጠዋት በመውሰድና ማታ በመውሰድ መካከል ከልብ ሕመምና ከስትሮክ በመከላከል ረገድ ልዩነት እንደሌለ አሳይቷል። ስለዚህ ጿሚው ሐኪሙን አማክሮ ሰዓቱን ወደ ማታ ሊያዞር ይችላል። ጸበልን በተመለከተም፣ ቀድሞ በኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነስቶ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ማስተማራቸው ይታወሳል።

ሁለተኛው መቋረጥ፡- ኪስ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀደም ሲል በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ይህ ለውጥ የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ላይ መታየቱ አልቀረም። የግፊት መድኃኒቶች በየዓይነታቸው ከርካሾቹ ውስጥ ናቸው። ነገር ግን ሕመምተኛው የሚገዛው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሁለት ዓይነት የግፊት ክኒን፣ የስኳር ካለበት የስኳሩ፣ የደም ቅባቱ፣ የኩላሊት ምርመራው፣ የካርድና የትራንስፖርቱ ሲደመር በየወሩ የሚመለስ ወጪ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ነው ክኒኑን በየሁለት ቀኑ መውሰድ ወይም ለሁለት ገምሶ “ማብቃቃት” የሚጀመረው።

እዚህ ላይ የዚህ ጋዜጣ አንባቢ የራሱን ቦታ ቢመረምር መልካም ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተዘረጋው ለአርሶ አደሩና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ነው። ለደመወዝተኛውና ለጡረተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ሆኖ ከወጣ በኋላ ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። ክፍተቱን የሸፈነው የአሠሪው መልካም ፈቃድ ነው። ባንክ ወይም ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠራው ይታከማል፤ የመንግሥት መምህሩ ግን ከኪሱ ያወጣል። ከዚህም የከፋው፣ አሠሪው የሚከፍለው ሕክምና በአብዛኛው በጡረታ ቀን ማብቃቱ ነው። ግፊቱ ይበልጥ አደገኛ በሚሆንበት ዕድሜ ሽፋኑ ይነሳል ማለት ነው።

በሌላው ሚዛን ላይ የሚቀመጠውን ደግሞ እንመልከት። ያልታከመ ግፊት ኩላሊትን ሲያደክም መጨረሻው በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ነው። ለዚህ ወጪ በየጎዳናው ፎቶ ተለጥፎ ዕርዳታ ሲጠየቅ ማየት ለከተማ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። በስትሮክ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት አባወራ ደግሞ የራሱን ገቢ ብቻ ሳይሆን ሥራዋን ትታ የምታስታምመውን ልጁን ገቢም ይዞ ይተኛል። ስለዚህ በክኒኑ ላይ “የዳነው” ገንዘብ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይከፈላል።

ሦስተኛው መቋረጥ፡- ማን ይከታተላል?

የጤና ሥርዓታችን ለረጅም ጊዜ የተገነባው እናቶችንና ሕፃናትን ለማዳንና ተላላፊ በሽታን ለመከላከል ነው፤ በዚህም አመርቂ ውጤት አግኝቷል። “ይህ ሥርዓት ዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚወስድን ሰው መከታተል አይችልም” የሚል ካለ ግን ታሪኩን ዘንግቷል። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በዚሁ አገር፣ በእነዚሁ ጤና ጣቢያዎች በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በየቀኑ ክኒን እየወሰዱ ኖረዋል። ምስጢሩ ቀላል ነበር። ሕመምተኛው ይመዘገባል፣ ቀጠሮ ይሰጠዋል፣ ከቀረ ይፈለጋል፤ ሁኔታው የተረጋጋለትም የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይዞ ይሄዳል።

ከዚህ ጋር ስናነጻጽረው የግፊት ሕመምተኛ በብዙ ቦታ ከቀጠሮው ቢቀር የሚፈልገው የለም። ጤና ጣቢያው ውስጥ መድኃኒቱ ካለቀ “ከውጭ ግዛ” ይባላል። በቅርብ ዓመታት በጤና ጣቢያ ደረጃ በአምሎዲፒን የሚጀምርና ነርሱም ሊከተለው የሚችል ቀላል የሕክምና ቅደም ተከተል መተዋወቁ ይበል የሚያሰኝ ነው። ቅደም ተከተሉ የሚሠራው ግን መደርደሪያው ላይ መድኃኒቱ ሲገኝ ነው።

ንጽጽሩ ጉድለት እንዳለው መካድ አይገባም። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በዋናነት በውጭ ለጋሾች ገንዘብ የተገዛ ነው፤ ለግፊት እንዲህ ያለ ለጋሽ የለም። ይህ ግን ክርክሩን አያፈርሰውም። መዝገብ መያዝ፣ ስልክ መደወልና የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት ከገንዘቡ ይልቅ አሠራሩን የሚጠይቅ ነውና።

ጨው፣ እግርና ሚዛን

“መድኃኒት ልውሰድ ወይስ አኗኗሬን ልለውጥ?” የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ነው። ሁለቱ አንዱ የሌላው ምትክ ሳይሆኑ ተጋጋዦች ናቸው። ነጭ ሽንኩርት፣ ሽፈራው ወይም ሎሚ ደግሞ ምግብ ናቸው እንጂ በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት አይተኩም።

ከጨው እንጀምር። በምዕራቡ ዓለም አብዛኛው ጨው የሚመጣው ከፋብሪካ ምግብ ነው። በእኛ ቤት ግን በዋናነት ከማጀት ነው፤ ይህም ዕድል ነው፤ በእጃችን ነውና። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮውም ሲፈጭ እንዲሁ፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፣ አንዳንዴም የሾርባ ኪዩብ ይደረግበታል፤ ማዕድ ላይ ሚጥሚጣ ይከተላል። በርበሬውንና ሽሮውን ያለ ጨው ማስፈጨት ብቻ ከዚህ ሁሉ አንዱን እርከን ያስቀራል። በቻይና 600 መንደሮች ውስጥ በ21 ሺሕ ገደማ ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት፣ ከገበታ ጨው ሩቡን በፖታሲየም ጨው መተካት ስትሮክን በ14 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ግን እንዲህ ያለውን ጨው ያለ ሐኪም ምክር መጠቀም የለበትም። ጨው እንቀንስ ሲባልም አዮዲን ያለውን እየመረጥን መሆን አለበት።

በምግብ ረገድ ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ባቄላውና ሙዙ ሐኪሞች ከሚመክሩት ገበታ የራቁ አይደሉም። የጾም ገበታችን ዘይቱና ጨው ቢቀነስለት ለግፊት ሕመምተኛ ተስማሚ ነው። ክብደትን በተመለከተም፣ “አማረብህ፣ ወፈርክ” የሚለው ምርቃት መሰል አድናቆት ሊታሰብበት ይገባል። ከመጠን ያለፈ ክብደት ያለው ሰው አንድ ኪሎ በቀነሰ ቁጥር የላይኛው ቁጥር በአማካይ በአንድ ነጥብ ገደማ ይወርዳል። አልኮል ማብዛትና ጫት መቃም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሲጋራም የደም ሥርን ይጎዳል።

እንቅስቃሴን ስናነሳ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ በቂ ነው፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ “መንገድ ለሰው” በሚል መንገዶች በተወሰኑ ቀናት ለእግረኛ መከፈታቸው፣ በቅርቡም በአዲስ አበባ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች መሠራታቸው “የት እንሂድ?” የሚለውን ሰበብ አቅልሎታል።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተባለው በመነሳት ሦስት ነገሮች ግልጽ ይሆናሉ። ለደመወዝተኛውና ለጡረተኛው የታወጀው የጤና መድን የግፊት መድኃኒትን የሚያካትት፣ ከጡረታ በኋላም የሚቀጥል መሆን ይገባዋል። ጤና ጣቢያዎች ለኤች.አይ.ቪ. የዘረጉትን የምዝገባና የክትትል አሠራር ለግፊት ሕመምተኛም ሊያውሉት ይችላሉ። አሠሪዎችም በዓመት አንድ ጊዜ ሠራተኛቸውን ግፊት ቢያስለኩ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ግለሰቡ ግን እነዚህ እስኪሟሉ መጠበቅ አይኖርበትም። የራሱንና የወላጆቹን ቁጥር ማወቅ ይችላል። ከመለካቱ በፊት ቡና ሳይጠጣ፣ ሲጋራ ሳያጨስ አምስት ደቂቃ አረፍ ብሎ መቀመጥ፤ ቁጥሩንና ቀኑን መጻፍ፤ ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው መግዛት፤ ያስቸገረ ነገር ካለ ከማቆም በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ነው። በዚህ እሑድ እናትና አባቱን ሊጠይቅ የሚሄድ ሁሉ “ግፊታችሁ እንዴት ነው?” ብሎ ከመመለስ አልፎ “እስቲ መድኃኒቱን አሳዩኝ” ይበል። የቀረውን ክኒን ቆጥሮ ከተገዛበት ቀን ጋር ሲያስተያይ፣ ሌላ ጊዜ በድንኳን ውስጥ በሹክሹክታ የሚነገረውን አስቀድሞ ያውቃል።