ፔዳል ወይስ መልቲ ኢፌክት? ለጊታሪስቶቻችንና ለሽማግሌዎቻችን



ዛሬ የምጽፈው በዝማሬ ቡድን ውስጥ ጊታር ለምትጫወቱ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም የዕቃ መግዣ ገንዘብ ለምትፈቅዱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነው። አንዳንዶቻችሁ እንደምትቀየሙኝ አውቃለሁ። ቢሆንም እላለሁ፦ የጊታር አምፕሊፋየር በሌለበት፣ ጊታር በቀጥታ ወደ ሚክሰር በሚገባበት ቤተ ክርስቲያን ፔዳል አንድ በአንድ መሰብሰብ ገንዘብ ማባከን ነው። አንድ መጠነኛ መልቲ ኢፌክት ይበቃናል።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ አንድ ወጣት ነው። ጥሩ ይጫወታል፤ ጆሮም አለው። «ለምን መድረክ ላይ አናይህም?» ስለው፣ «ጋሼ፣ ፔዳሎቼን ገዝቼ ሳልጨርስ እንዴት ብዬ እወጣለሁ?» አለኝ። አዘንኩ። ይህን ያስተማርነው እኛ ነን። የውጭ አገር የአምልኮ ቪዲዮ እያየን በጊታሪስቱ እግር ሥር የተደረደሩትን ሳጥኖች የቆጠርን፣ መልቲ ኢፌክት ይዞ የመጣውን ልጅ «ይሄማ መጫወቻ ነው» ብለን ያሳፈርን እኛ ነን። እኔም ከአሳፋሪዎቹ አንዱ ነበርኩ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የዲስቶርሽን ፔዳል የሚሠራው ድምፁ በጊታር አምፕሊፋየር እንደሚያልፍ ታስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሸጠው የቦስ ዲኤስ ዋን እንኳ እንዲሁ ነው። የጊታር አምፕሊፋየር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ አካባቢ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ በእጅጉ ይቀንሰዋል። የአዳራሹ ስፒከር ግን ምንም ሳያስቀር ያወጣዋል። ስለዚህ ዲስቶርሽን ፔዳል በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሲሰካ የሚሰማው የንብ መንጋ ነው። ሳውንድ የሚቆጣጠረው ወንድም ቀስ ብሎ ይቀንሳችኋል፤ እናንተም ማንም የማይሰማውን ጊታር በሙሉ ልብ ትጫወታላችሁ። መልቲ ኢፌክት ግን የአምፕሊፋየሩንና የስፒከሩን ጠባይ አስመስሎ የሚሠራ ክፍል በውስጡ አለው። ለእኛ አዳራሽ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ከዓመታት በፊት አምስት ፔዳሎችን በአንድ ርካሽ አዳፕተር አያይዤ አገለግል ነበር። መጋቢያችን ጉባኤውን ለጸጥታ ጸሎት ሲጋብዙ የእኔ ፔዳሎች «እዝዝዝ» ይላሉ። ዲጂታሉና አናሎጉ ከአንድ መስመር ሲመገቡ እንዲህ ይሆናል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ፔዳል የተለየ መውጫ ያለው ፓወር ሰፕላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ዋጋው ሌላ ፔዳል ያህላል። ማያያዣ ገመዶቹን፣ መደርደሪያውንና ቦርሳውን ጨምሩበት። ጌታችን በሉቃስ 14፥28 ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ያስተማረው ለእኛም አይሠራም? በአንጻሩ እንደ ቦስ ጂቲ ዋን ያለው ትንሽ መልቲ ኢፌክት በአራት የድንጋይ ባትሪ ይሠራል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሣ ሳይጠፋ ይጠብቃችኋል።

ሦስተኛው የራሳችን ዜማ ነው። በዩቱ ቡድን ጊታሪስት በዘ ኤጅ የታወቀውና የውጭ አምልኮ ጊታሪስቶች የወረሱት የዲሌይ አጠቃቀም፣ ድምፁን ከምቱ ሦስት አራተኛ በኋላ ይደግመዋል። በደቂቃ 72 ምት ለሚሄድ መዝሙር 625 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። አራት በአራት ለሆነ መዝሙር ያምራል። በእኛ ጉባኤ ግን በስድስት ስምንት የሚሄድ የችክችካ መዝሙር ሞልቷል። እዚያ እያንዳንዱ ዋና ምት ለሦስት ይከፈላል፤ በሦስት አራተኛው ላይ የሚመለስ ድምፅ ከከበሮው ጋር ይጋጫል። ዲሌዩ በምቱ አንድ ሦስተኛ ወይም ሁለት ሦስተኛ ላይ መመለስ አለበት። በተራ ዲሌይ ፔዳል በሁለት መዝሙሮች መካከል ጎንበስ ብሎ ቁልፍ ማዞር ይጠይቃል። በመልቲ ኢፌክት ሁለቱንም አስቀድሞ ማዘጋጀትና በአንድ እግር መለወጥ ይቻላል።

«የተናጠል ፔዳል ድምፅ ግን ይበልጣል» ትሉኛላችሁ። ጥሩ አምፕሊፋየር ባለበት፣ ስቱዲዮ ውስጥ፣ በሠለጠነ እጅ፣ አልከራከራችሁም። «አንዱ ፔዳል ቢበላሽ በሌሎቹ እቀጥላለሁ፤ መልቲ ኢፌክት ከተበላሸ ሁሉም ተበላሸ» ትሉኛላችሁ። ይህም እውነት ነው። ያን ቀን ጊታሩን ያለ ኢፌክት ሰክታችሁ ተጫወቱ። መዝሙሩ አይቆምም።

መልቲ ኢፌክትም የራሱ ፈተና አለው። መቶ ድምፅ ስላለው በጸሎት መካከል ሳይቀር ድምፅ ስትፈልጉ ትገኛላችሁ። ዓይናችሁ ከአምልኮ መሪው ተነሥቶ ትንሿ ስክሪን ላይ ይቀራል። ስለዚህ አራት ድምፅ ብቻ አዘጋጁ፦ ንጹሑን፣ ለአጃቢነት የሚሆነውን፣ ለጸሎት ጊዜ የሚሆነውን፣ ለሶሎ የሚሆነውን። ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን አዳራሹ ውስጥ አስተካክሉት። አዳራሹ ራሱ የሚያስተጋባ ከሆነ ሪቨርቡን ቀንሱ። የአራቱንም ጉልበት አመጣጥኑ፤ ሶሎው ብቻ ትንሽ ከፍ ይበል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ስለ ዋሽንትና ስለ ክራር ሲናገር ያሳሰበው የድምፁ ተለይቶ መታወቅ ነው። በሪቨርብ የሰመጠ ጊታር ማንንም አያንጽም።

ዳዊት የሳኦልን የጦር ልብስ ያወለቀው ልብሱ መጥፎ ስለነበረ አይደለም፤ ስላልተለማመደው ነው። አንዳንዶች ይህን ታሪክ «ቀላሉ ፔዳል ይሻላል» ለማለት ይጠቅሱታል። እኔ ግን እጠይቃችኋለሁ፦ የሳኦል የጦር ልብስ የሆነብን የቱ ነው? ሳንለማመደው፣ ሰው ለብሶት ስላየን ብቻ የተመኘነው ያ የፔዳል ድርድር አይደለምን?

እናንተ ሽማግሌዎች፣ አንድ መልቲ ኢፌክት ለቤተ ክርስቲያኒቱ ይገዛ። የግለሰብ ሳይሆን የቡድኑ ንብረት ይሁን። ሦስት ተራ ገቢ ጊታሪስቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አራት ድምፅ ሊያስቀምጡበት ይችላሉ። የተረፈው ገንዘብ ለጀማሪዎች ማስተማሪያ ይዋል፤ ጊታር ካልተማረ እጅ ላይ የትኛውም ሳጥን አይዘምርም።

ያን ወጣት «የእኔን ይዘህ ውጣ» አልኩት። እሑድ ወጣ። እግሩ ሥር አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቻ ነበረች። ከጉባኤው ማንም ወደ እግሩ አላየም፤ ይዘምሩ ነበር።

ጌታ ማስተዋልን ያብዛልን።