የሯጭ ትንፋሽ ለፔዳልም ይሆናል

እግሩ የተጎዳ ሯጭ አበቃለት ማለት ይቀናናል። ካናዳዊው ማይክል ዉድስ በ18 ዓመቱ አንድ ማይል ከ4 ደቂቃ በታች ሮጧል፤ እግሩ ደጋግሞ ቢጎዳበት ፊቱን ወደ ብስክሌት አዞረና እ.ኤ.አ. በ2023 ቱር ደ ፍራንስ የፑይ ደ ዶምን ዳገት ቀድሞ ወጣ። እኛስ? ብስክሌተኞቻችን እ.ኤ.አ. በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ተወዳድረዋል፤ ፅጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ተሳትፏል። ትንፋሹ አለን፤ የጎደለን ብስክሌቱና መለማመጃው ነው። በአጀብ መሀል ክርን ለክርን ተጠጋግቶ መንዳትና ቁልቁለት ላይ መታጠፍ ሲኖትራክና ሚኒባስ በሚጋፉበት በአዲስ አበባው የአየር ጤና አስፋልት አይለመድም። እሁድ ማለዳ ከአየር ጤና ወደ ዓለም ገና የሚወስደው መንገድ ለሁለት ሰዓት ለብስክሌት ይለቀቅ፤ ክለቦችም የተጎዳውን ሯጭ ከማሰናበታቸው በፊት ፔዳል ላይ አቅሙን ይለኩት።