መብትን የሚያስቀር ይሉኝታ

ኦቲዝም ያለበትን ልጁን ይዞ ከሮተርዳም ወደ ኤፍተሊንግ የመዝናኛ ፓርክ የሚሄድ ከመካከላችን አንዱ ወላጅ፣ ይሉኝታ ይዞት የልጁን ችግር ሳይናገር ረጅሙን ሰልፍ ይሰለፋል። የኔዘርላንድ የእኩል አያያዝ ሕግ ግን ዕቃና አገልግሎት አቅራቢዎችንም ይመለከታል፤ ተመጣጣኝ ያልሆነ ሸክም ካልሆነባቸው በቀር፣ እንደ አካል ጉዳተኛው ፍላጎት ማስተካከያ የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ያልተነገረ ፍላጎት ግን ምላሽ አያገኝም።

ምርጫው ከጉዳቱ ስም ሳይሆን ከልጁ ውሎ ይነሣ። ለተሽከርካሪ ወንበር የተሠራ መግቢያ ግርግር የሚያስጨንቀውን ልጅ አይጠቅመውም፤ ለእርሱ የሚበጀው ከሰልፍ ውጭ ተራ መጠበቅ ወይም ጸጥ ያለ ማረፊያ ሊሆን ይችላል። ወላጅ ይህን ለይቶ ከጉዞው በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ። በአምስተርዳምና በሔግ ያሉ ማኅበሮቻችንም መጠየቅ ልመና እንዳልሆነ ያስተምሩ፤ የይሉኝታችንን ዋጋ የሚከፍለው ልጁ ነውና።