ልጄን አንድ ጥያቄ እንኳ ሳትጠይቁት

ለርዕሰ መምህሩና ለሥነ ሥርዓት ኮሚቴው አባላት፣

ከስምንተኛ ክፍል ያባረራችሁት ልጅ እናት ነኝ። ስሙን አልጠራም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ባለፈው መጋቢት፣ እኔ ለቀዶ ሕክምና በገባሁበት ጠዋት፣ ልጄ የአያቱን ባለ ቁልፍ ስልክ ካልሲው ውስጥ ከትቶ መጣ። ክዳኗ በፕላስተር የተያዘች፣ ከመደወልና ከባትሪ መብራቷ በቀር ምንም የሌላት ስልክ ናት። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጮኸች። የደወለችው እህቴ ነበረች፤ “እናትህ በሰላም ወጥታለች” ልትለው። አላነሣላትም። ስልኳን አውጥቶ ለዩኒት ሊደሩ በሁለት እጁ ሰጠ። በዚያው ቀን መሸኛው ተጻፈ።

“ሞባይል ይዞ የተገኘ ተማሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል” የሚለው መመሪያ ላይ እኔም ፈርሜአለሁ። ሳላነብ አይደለም። አንብቤ፣ “ጥሩ ነው፣ ልጆቻችንን ይጠብቅልናል” ብዬ ነው የፈረምኩት። እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኸው ነው።

ስፌቴ ሳይደርቅ ልለምናችሁ ስመጣ “በሠለጠነው ዓለም አሠራሩ እንዲህ ነው” አላችሁኝ። አሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ ለአንድ ዓመት እንዲባረር የታሰበው ጠመንጃ ይዞ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ ነበር። ቅጣቱ ወደ ትናንሽ ጥፋቶች የወረደው ቆይቶ ነው። የአገሪቱ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ቡድን ጉዳዩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጥናት፣ ያለ ምሕረት መቅጣት ትምህርት ቤቶችን ሰላማዊ እንዳደረገ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ደግሞስ የራሳችን ሕግ የት ሄደ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። አገራችን በ1983 ዓ.ም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 12፣ ልጅ በሚወሰንበት ጉዳይ ይደመጥ ይላል። ልጄን “ለምን ያዝከው?” ያለው ሰው አልነበረም።

ካርዶቹን ዘርግቼ አየኋቸው። ከአንደኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል “ጠባይ” በሚለው ቦታ “ኤ” ተጽፏል፤ የጻፋችሁት እናንተው ናችሁ። መሸኛው ግን “በሥነ ምግባር ጉድለት የተሰናበተ” ይላል። ያችን መስመር እያነበቡ ሦስት ትምህርት ቤቶች መለሱን። የሚኒስትሪ ፈተናው አመለጠው። ዛሬ ቤት ውስጥ ስልክ ሲጮህ ተነሥቶ ይወጣል። “እማዬ፣ አንቺ ባትታመሚ ኖሮ” ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ይቀለኝ ነበር።

መመሪያችሁን አንሡት አልልም። ልጅ ከማባረራችሁ በፊት ግን አስቀምጣችሁ ጠይቁት፤ ወላጁንም ጥሩ። ለእኔ ደግሞ ያች መስመር የሌለችበት መሸኛ ጻፉልኝ። ምዝገባ ነሐሴ ላይ ይጀመራል።