ኡኡታ ሲሰማ ዳገቱን ማን ያያል?

ሰኔ ግም ሲል ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ወሬው አንድ ነው፤ ዩሪያ መጣ አልመጣ፣ ምርጥ ዘር ደረሰ አልደረሰ። በቆሎ የሚያበቅል ሰው ስለ ማዳበሪያ ቢጨነቅ አንፈርድበትም። እኛን ያስነሳን ስለ ዳገቱ የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ሁላችንም በስልካችን አይተን አልቅሰናል። የመጀመሪያው ናዳ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ኡኡታ ሰምቶ ዶማም አካፋም ይዞ፣ የሌለውም ባዶ እጁን ሮጠ። ሊያወጡ ሲቆፍሩ ዳገቱ ዳግመኛ ተናደባቸው። ከ220 በላይ ሰው ሞተ። ለእርዳታ ሮጠው ከቀሩት ውስጥ የቀበሌ አመራር፣ መምህር፣ የጤናና የግብርና ባለሙያ ነበሩ። አንድ ቀበሌ ሊመሩት የሚችሉትን ሰዎች ሁሉ በአንድ ጠዋት አጣ ማለት ነው።

ከዚያስ? ሻማ አበራን፣ «የተፈጥሮ አደጋ» አልን፣ ረሳን።

«ጎፋ ሌላ፣ እኛ ሌላ» የሚል አይጠፋም። በዚያው ክረምት ነሐሴ ላይ በሰሜን ጎንደር ጠለምት ወረዳ ናዳ ሰው ገድሎ ብዙዎችን አፈናቅሏል። የዓባይ በረሃን መንገድማ ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል፤ አስፋልቱ በየዓመቱ እንደ ብርድ ልብስ ይጨማደዳል። እዚያ የጃፓን ባለሙያዎች መጥተው አጥንተዋል፣ የዝናብና የመሬት እንቅስቃሴ መለኪያ ተተክሏል። ደግ ተደረገ። ግን መለኪያው ለምን እዚያ ሄደ? መኪና ስለሚያልፍ ነው። ከፍኖተ ሰላም በላይ ቋሪትና ሰከላ፣ ወዲያም ደጋ ዳሞት፣ ዳገት ላይ ጎጆ ቀልሶ ልጅ የሚያሳድገው ገበሬ ግን መኪና አይደለምና የሚለካለት የለም።

ስዊስ አገር ዳቮስ በምትባል የተራራ ከተማ የበረዶ ናዳን የሚያጠና ተቋም አለ። ቅዝቃዜው ሲገባ አደጋውን ከ1 እስከ 5 እየመደበ፣ ለየትኛው ሸለቆ ስንት እንደሆነ በየቀኑ ያሳውቃል። ሞቅ ያለ ወጀብ መጥቶ በረዶው ላይ ዝናብ ሲጥል በተለይ ይፈራሉ፤ በረዶው ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ከሥር የያዘውም ይላላል። የእኛ ቀይ አፈር ከዚህ በምን ይለያል? ሐምሌን ሙሉ ሲጠጣ ይሰነብትና አንድ ሌሊት ዓለቱን ይለቃል። ለእኛ የሚደርሰን ግን «በአንዳንድ አካባቢዎች ናዳ ሊከሰት ይችላል» ነው። አንዳንድ አካባቢ የማን ቤት ነው?

ዕውቀቱ ደግሞ ከደጃችን ነበር። ደንበጫ አካባቢ አንጀኒ ላይ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ተካሂዷል። በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት አገር ስለሆነ እዚያ የተሠራው እርከን ዘንበል ብሎ ውሃውን ቀስ አድርጎ ወደ ጎን የሚያፈስ ነው። አባቶቻችንም ማሳቸው ላይ ፈሰስ የሚያወጡት ሥራ አጥተው አልነበረም። የዛሬው የተፋሰስ ዘመቻ ሪፖርት ስንት ሄክታር እንደተሠራ ይቆጥራል። ውሃው በየት እንደሚወጣ ማን ጠየቀ? መውጫ የሌለው እርከን ተረተር ላይ የተሸከምነው እንስራ ነው።

«በጦርነት መሐል ስለ ናዳ ታወራላችሁ?» ትሉን ይሆናል። አዎ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉን ባመሰው ጦርነት ብዙ ቀበሌ ያለ ባለሙያ ከርሟል፤ ስለዚህም ነው የምናወራው። ስንጥቅ ለማየት መኪናም አበልም አያስፈልግም። ከማሳው አናት እንደ ጨረቃ የጎበጠ ስንጥቅ፣ የዘመመ ዛፍ፣ ያለ ምክንያት የደፈረሰ ምንጭ፣ ትናንት ይዘጋ የነበረና ዛሬ አልዘጋ ያለ በር፤ ይህን ከብት የሚጠብቅ ልጅ እንኳ ያየዋል። የጎደለው፣ ልጁ ሲናገር «ዛሬ ማታ እዚህ ቤት አይታደርም» ብሎ የሚወስን ሰው ነው። ወረዳው ካልቻለ ዕድሩ ይወስን፣ የአጥቢያው ቄስ ይወስኑ። ለሚወጣው ቤተሰብ ማደሪያ ደግሞ ወረዳው ያዘጋጅ፤ ለስብሰባ አዳራሽ ያላጣ ለዚህ አያጣም።

የሚከብደው ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ጎጃም ውስጥ ኡኡታ ሰምቶ ቤቱ የሚቀር ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። «አትሩጡ» አንልም፤ ብንልም የሚሰማን የለም፣ እኛም አንቀርም። የምንለው አንድ ሰው፣ ዓይኑ የሚያይ፣ ከጎን ደህና መሬት ላይ ጡሩምባ ይዞ ይቁም ነው። እኛ ስንቆፍር እሱ ዳገቱን ብቻ ይይ። ሲነፋ፣ እጃችን የሰው እጅ ይዞ ቢሆን እንኳ፣ እንወጣለን። ይህን ማለት ጭካኔ የሚመስለው ወንድማችን ጎፋ ላይ ከተቀበሩት ስንቶቹ በመጀመሪያው ናዳ ስንቶቹ በሁለተኛው እንደሆነ ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ በየቀበሌው ጡሩምባውን የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ ሐምሌ ሳይገባ፣ በስሙ ንገሩን።