ካሬው ሲነገር ማዕዘኑ ይረሳል

በአሉሚኒየም ገበያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ካሬው ስንት ነው?» የሚል ነው። ደላላው፣ ኮንትራክተሩና ፎቅ የሚያሠራው ባለሀብት የሚግባቡት በዚሁ ቋንቋ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት በሐሙሲትና በወረታ የፎገራ ሩዝና ሽንኩርት ገንዘብ ወደ ሱቅና ወደ ፎቅ ሲለወጥም መስኮቱና መስታወት ለበሱ የሕንፃ ፊት የሚታዘዘው በካሬ ሜትር ነው። ይህ አሠራር ለተዋዋዮች ቢቀልም፣ የሚለካው ስፋቱን እንጂ ሥራውን አይደለም።

ነገሩን አንድ ምሳሌ ያስረዳዋል። ወርዱም ቁመቱም 1.20 ሜትር የሆነና ሁለት ተንሸራታች መዝጊያ ያለው መስኮት 1.44 ካሬ ሜትር ነው። የውጪው ክፈፍ 4 ማዕዘን፣ ሁለቱ መዝጊያዎች 8፣ በድምሩ 12 መገጣጠሚያ አለው። ወርዱ ወደ 2.40 ሜትር ከፍ ቢል ካሬው እጥፍ ይሆናል፤ መገጣጠሚያው ግን ያው 12 ነው። በአንድ የካሬ ዋጋ የተዋዋለ ሠራተኛ እንግዲህ በትልቁ መስኮት ያተርፋል፣ በትንሹ ይከስራል። ኪሣራውን ከየት እንደሚያካክስ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከማዕዘኑ ነው። አንድ ቪት ይቀንሳል፣ የማዕዘኑን ጎማ ይተዋል፣ ክፍተቱን በሲሊከን ይሸፍናል። እንዲህ ያለ 30 መስኮት ያለው ሕንፃ 360 ማዕዘን አለው። ርክክቡ በበጋ ከተፈጸመ ባለንብረቱ ጉዳቱን የሚያውቀው ሐምሌ ሲገባ ግድግዳው ሲረጥብ ነው።

መፍትሔው መገጣጠሚያውን ማቅለል ነው። ለመስኮት በስፋት የሚታወቁት የማጋጠሚያ መንገዶች ሁለት ናቸው። በመጀመሪያው የሁለቱ ፕሮፋይሎች ጫፍ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ ውስጥ ለውስጥ በሚገባ የማዕዘን ማያያዣ ይጋጠማል፤ ማያያዣውም በመጭመቂያ ማሽን ይነከሳል። ውበቱ አይካድም። ነገር ግን የማይዛነፍ መጋዝና መጭመቂያ ይፈልጋል፤ መጋዙ በጥቂቱ ከሳተ ማዕዘኑ አፉን ይከፍታል። በሁለተኛው መንገድ ፕሮፋይሉ ከፋብሪካ ሲወጣ የቪት መግቢያ ቦይ በውስጡ ተሠርቶለት ይመጣል። ሠራተኛው በ90 ዲግሪ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፣ በመካከል ቀጭን ጎማ ያስገባል፣ ቪቱን ያጠብቃል፤ በቃ። መስታወት ሲሰበር ያንኑ ቪት ፈትቶ መለወጥ ይቻላል። ይህ ዓይነቱ አሠራር በተንሸራታች መስኮቶች ዘንድ የቆየ ስለሆነ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ለሐሙሲት ዓይነት ከተማ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ትልቅ ማሽን የሌለው ወጣትም ሥራውን በከተማው ሊሠራው ይችላልና።

የትራንስፖርቱ ሒሳብ ደግሞ ከዚህ ይነሣል። አዲስ አበባ ተገጣጥሞ የሚጫን ክፈፍ ሐሙሲት እስኪደርስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የተገጣጠመ ክፈፍ መካከሉ ባዶ በመሆኑ ባለንብረቱ የሚከፍለው አየር ለማስጫን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብዙውን ጊዜ በ6 ሜትር ዘንግ የሚሸጠው ፕሮፋይል ግን ተደርድሮ፣ ታስሮ፣ ከሌላ ዕቃ ጋር ይጫናል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ጥቂት አልነበሩም፤ ከሩቅ የሚጠበቅ አንድ ክፈፍ ሙሉ ሕንፃ ሊያስቆም ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የመጣ ፕሮፋይል በተሳሳተ ቅርጽ ተቆርጦ ሲጣል እንግዲህ የሚጣለው ምንዛሪ ነው። የደብረ ታቦር መንገድ መገንጠያ የሆነችውና ደረቅ ወደብ ያላት ወረታ ለዚህ ዕቃ መጋዘን የምትመች ናት።

«የብረት መስኮት እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል አይጠፋም። በእርግጥም ኤል፣ ቲ እና ዜድ የሚባሉት የብረት ፕሮፋይሎች የሚበየዱበት ብየዳ ቤት ባብዛኛው ከተማ ይገኛል። ለሌባም ብረቱ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ምድር ቤቱን ለብረት መተው ያስኬዳል። ብየዳ ግን የብረቱን ቀለም ያቃጥላል፤ ማዕዘኑ በሚገባ ተፍቆ ፀረ ዝገት ካልተቀባ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያው ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ክረምት በሚያጥለቀልቁት ሜዳ አጠገብ ደግሞ እርጥበት አይጠፋም። መብራት ሲጠፋ ብየዳው ይቆማል፤ ቪት ግን በእጅ ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ ቀላል ማለት ግድየለሽ ማለት አይደለም። ይህ በተለይ በመስታወት ለበስ የሕንፃ ፊት ላይ ይታያል። አሉሚኒየም በሙቀት ሲለጠጥ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የ6 ሜትር ቋሚ ዘንግ ሙቀቱ ከንጋት እስከ ቀትር በ40 ዲግሪ ቢለያይ 5.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስለዚህ ከላይም ከታችም ተቸንክሮ ከተያዘ ወይ ይጎብጣል፣ ወይ ቪቱን ይበጥሳል፣ ወይ መስታወቱን ይጫነዋል። ደህና የተሠራ ቋሚ ዘንግ አንደኛው ጫፉ ብቻ ይታሰራል፤ ሌላኛው ከውስጥ በሚገባ መጋጠሚያ ላይ ክፍተት ተትቶለት እንዲንሸራተት ይደረጋል። ክፍተቱን «ሥራው አልተጠናቀቀም» ብሎ በሲሚንቶ የሚያስደፍን ባለንብረት በገዛ ገንዘቡ ሕንፃውን ያበላሻል።

አስመጪዎች ሊያስቡበት የሚገባው ፕሮፋይሉን ለብቻው መሸጥ መተው ነው። የአንዱን አምራች ዘንግ ከሌላው ጎማና ከሦስተኛው ማያያዣ ጋር አዳቅሎ መሸጥ ለደላላ ትርፍ ሊያመጣ ይችላል፤ ማዕዘኑ ግን አይገጥምም። ዘንጉ፣ ቪቱ፣ ጎማውና የአገጣጠም ሥዕሉ ከአንድ አምራች በአንድነት ቢቀርቡ የወረታ ሠራተኛ ከአዲስ አበባው የሚያንስበት ምክንያት የለም። ቪቱም ከማይዝግ ብረት ይሁን፤ ተራ ብረት እርጥበት ባለበት ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ መበላላት ይመጣል።

ውሉም ይለወጥ። ካሬውና ማዕዘኑ ለየብቻ ዋጋ ይውጣላቸው፤ የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ እያንዳንዱ መስኮት በቱቦ ውኃ ተረጭቶ ከታየ በኋላ ይፈጸም። ደላሎች ይህን አይወዱትም፤ በአንድ ቃል ተጠይቆ በአንድ ቃል የሚመለሰው ዋጋ ይቀርባቸዋልና።